ለሴይኖስኬ የተሠራው ጥሩር

ዱብ። ዱብ። ዱብ፣ ዱብ።

ድምፁ ነው ያነቃኝ። ዐይኔን ሳልገልጥ፣ እንደተሸፋፈንኩ አዳመጥኩት። ከባድና እርጥብ ድምፅ ነበር፤ እንጨት ለስላሳ ነገር ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ዓይነት። ሞቺ የሚባለው የሚያጣብቅ የሩዝ ምግብ የሚወቀጥ መሰለኝ። ትኩስ ሩዝ ሙቀጫ ውስጥ ሲደቅ፣ አክስቴ እጇን ውሃ እየነከረች ስታገላብጠው፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሲሸፍነው ወለል ብሎ ታየኝ፤ ምራቄን ዋጥኩ። ሞቺ የሚወቀጠው ለአዲስ ዓመት እንደሆነ፣ አዲስ ዓመት ደግሞ ካለፈ ወራት እንዳስቆጠረ ማሰብ አልፈለግኩም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሆድ ወር አይቆጥርም።

በባዶ እግሬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሙቀጫም ሩዝም የለም። አባቴ ዘንድ የሚሠራው ካንሺቺ እጅጌውን በገመድ አስሮ፣ ድንጋይ ላይ የተዘረጋ የበሬ ቆዳ በእንጨት መዶሻ ይደበድባል። ቆዳው ማጣበቂያ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ ስለሆነ በተመታ ቁጥር ቢጫ ፈሳሽ ይረጫል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ምነው ታኔ፣ ቁርስ ፈልገሽ ነው?» አለኝ ፊቴን አይቶ። «ነይ ከዚህ ጥግ ልቁረጥልሽ። ጥርስሽ ከቻለው ያንቺ ነው።»

«ሞቺ መስሎኝ ነው» አልኩ። ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም።

«አልተሳሳትሽም፣ ወንድማማች ናቸው። ሞቺ ሰው ያንቃል፣ ይኼ ደግሞ ጥይት ያንቃል።»

አክስቴ ታኪ ከውስጥ ሆና፣ «ልጅቷን ትተህ ቆዳውን ምታ! ምላስህን ብንደበድበው ኖሮ እስካሁን የሦስት ሰው ጥሩር ይወጣው ነበር» አለችው።

አባቴ ጂንቤ ከሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ከግንቡ ሥር፣ ጥሩር ሠሪ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ ታኪ ናት፤ የጥሩሩን ቁርጥራጮች በሐር ጉንጉን እያያያዘች የምትሰፋውም እሷ ነበረች። ጥሩርን ከሩቅ ለሚያየው አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። እኔ ግን የማውቀው ቅርፊት ቅርፊቱን ነው። እያንዳንዱ ቅርፊት ከአባቴ አውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ በጎንና በጎኑ ቀዳዳ ተበስቶለታል። ሲደረደር አንዱ የሌላውን ግማሽ ይሸፍናል፤ ስለዚህ የትም ብትነኩት ድርብ ነው። ብቻዬን ስሆን ቅርፊቶቹን ምንጣፉ ላይ እየበተንኩ ዓሣ እሠራባቸው ነበር፤ አንዳንዴም ዘንዶ፣ አንዳንዴም ማንም ያልሰየማቸው ከዋክብት።

ቅርፊት ሁለት ዓይነት ነው፣ የብረትና የቆዳ። ሁሉም ብረት ቢሆን የሚሸከመው አይገኝም። ሁሉም ቆዳ ቢሆን ደግሞ ከቅርብ የተተኮሰውን አይመልስም። ስለዚህ ይቀላቀላሉ። ገና ሳይቀቡ መለየቱ ቀላል ነው፤ ብረቱ እንደ ዝናብ ደመና ነው፣ ተደብድቦ የደረቀው ቆዳ ደግሞ እንደ ማር። ከኡሩሺ ዛፍ የሚንጠባጠበው ሙጫ ጥቁር ሆኖ አንዴ፣ ደግሞ ደጋግሞ ሲቀባባቸው ግን ሁሉም አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ዐይን አይለያቸውም።

«ደረት ብረት፣ ጀርባ ቆዳ» ትለኝ ነበር አክስቴ፤ እኔም እንደ ዘፈን ይዤዋለሁ።

አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ካንሺቺ ቀደማት፦ «ሳሙራይ ፊቱን ለጠላት፣ ጀርባውን ለቤቱ ነው የሚሰጠው። ቤቱ ደግሞ አይተኩስበትም።»

«የሰው ቤት አታውቅማ» አለች አክስቴ።

ሽማግሌው ሳሙራይ ኩዋባራ የመጡት ያን ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት ከተማው ሁሉ ስለ ኦሳካ ነበር የሚያወራው። ጌታችን ጦር አስከትተው ወደዚያ መዝመታቸው አይቀርም ይባላል። እኔ ኦሳካ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጎረምሶቹ ሁሉ ለመሄድ ሲቸኩሉ ሳይ ትልቅ ገበያ ያለበት ቦታ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ወገባቸው እንደ ጦር ዘንግ ቀጥ ያለ፣ ሲናገሩ ግቢው ውስጥ ያሉ ዶሮዎች እንኳ የሚያዳምጧቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ከኋላቸው ምራታቸው ወይዘሮ ሚዎ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሴይኖስኬ ነበሩ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ረጅምና ቀጭን፣ አንገቱ ከልብሱ ውስጥ እንደ ሽመላ የወጣ። አባቱ ሴኪጋሃራ የጦር ሜዳ ላይ ሲወድቅ እሱ ገና በእናቱ ሆድ ነበር። ከቤቱ የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ስለሆነ ጌታው ሲጠሩ የሚሰለፈው እሱ ነው፤ አለዚያ የኩዋባራ ስም ከመዝገብ ይፋቃል።

ሁለት አሽከሮች የተሸከሙትን ሣጥን አስቀመጡና ከውስጡ ቀይ ሐር የተሰፋ ጥሩር አወጡ። የሟቹ ነው።

«እይ ጂንቤ» አሉ ሽማግሌው። «የተመታው ሁሉ ከፊት ነው። አዙረው! ጀርባውን እይ! ዝንብ እንኳ አላረፈበትም።»

አባቴ አዞረው። እውነትም ጀርባው እንደ ኩሬ ውሃ ያበራል፤ የራሴን ፊት አየሁበት። ደረቱ ላይ ግን ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ነበሩ። ቀዩ ሐር በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጠቁሯል። ወይዘሮ ሚዎ ወደ ጥሩሩ አላየችም። እኛ ግቢ ወዳለው የካኪ ዛፍ አየች፤ ዛፉ ያን ጊዜ ቅጠል እንጂ ፍሬ አልነበረውም።

«አምጣው፣ ይልበሰው» አሉ ሽማግሌው።

ሴይኖስኬን አለበሱት። አባቴ በሁለት እጁ ደግፎት ቆየና ለቀቀው። ልጁ ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ዘመመ፣ ጉልበቱ ከዳውና በጀርባው ተንጋለለ። እጆቹና እግሮቹ አየር ላይ ቀሩ። ካንሺቺ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ።

«ኤሊ ሆንኩ» አለ ሴይኖስኬ ከመሬት፣ ራሱም እየሳቀ።

«ተነሥ!» አሉ አያቱ። እሳቸው አልሳቁም።

ጥሩሩን ገና እንዳወለቀ የጎረቤታችን ውሻ ዘው ብሎ ገባና ካንሺቺ ለማድረቅ የሰቀለውን ቆዳ መንትፎ ወጣ። ካንሺቺ «ያዙት!» ብሎ ሳይጨርስ ሴይኖስኬ አጥሩን ዘልሎ ነበር። ከአጥሩ ባሻገር የሩዝ ማሳ ነው፤ በጠባቡ የማሳ ድንበር ላይ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። ውሻው ታጠፈ፣ እሱም ታጠፈ። ቆዳውን ይዞ ሲመለስ ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም። ጭቃ የነካው ተረከዙን ብቻ ነው።

«ነፋስ ነው እንጂ ልጅ አይደለም!» አለ ካንሺቺ።

«ሩጫ የፈረስ ሥራ ነው» አሉ ሽማግሌው። ከዚያም ወደ አባቴ ዞረው፣ «እንደ አባቱ ይሁን። ደረቱ ብረት። በልኩ ሥራለት፤ መሸከሙን እኔ አስተምረዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ ሚዎ ብቻዋን የመጣችው የዝናቡ ወር ሲገባ ነው። በጓሮ በር ገባች። እኔ አክስቴ አጠገብ ተጋድሜ የሐር ጉንጉን እጠቀልላለሁ፤ ሲመሽብኝ እንደማንቀላፋው ዐይኔን ጨፈንኩ፤ ጆሮዬን ግን አልጨፈንኩትም።

«የመጣሁት ስለ ልጁ ነው» አለች። «ቀለል ይበልለት።»

«እመቤቴ፣ ጌታ ኩዋባራ ደረቱ ብረት ይሁን ብለዋል» አለ አባቴ።

«ያሉትን እኔም ሰምቻለሁ።» ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። «ያን ቀን እግሩን አይተኸዋል፣ አይደል? ከውሻው ኋላ?»

«አይቻለሁ።»

«እግሩን እንዳትወስድበት።»

አባቴ እጅ ነሣ፤ እሷም ጃንጥላዋን ዘርግታ በመጣችበት ተመለሰች። እኔ ግን በሰማሁት ነገር ደሜ ፈላ። ብረት የሚያድን ነገር ነው፣ ቆዳ ደግሞ የሞተ በሬ ነው። የገዛ ልጇ ብረት እንዳይለብስ የምትለምን እናት የት አለች? በተረት ውስጥ ብቻ ነው ያለችው፣ እሷም ማን እንደሆነች ይታወቃል።

«አክስቴ፣ ወይዘሮ ሚዎ የእንጀራ እናቱ ናት?» አልኳት።

በጣቷ አንጓ ግንባሬን ኳ አደረገችኝ። «የእንጀራ እናቱ ብትሆንማ ከራሱ እስከ ጥፍሩ ብረት ታስለብሰው ነበር።»

አልገባኝም። የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ እኔም በተራዬ የልጅ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። በኩዋባራ ቤት ያደገ ልጅ «ሽሽ» አይባልም። እናቱም ቃሉን ልታስበው አይፈቀድላትም። ስለዚህ ስለ ክብደት አወራች።

ከዚያች ምሽት ወዲህ አባቴ ተለወጠ። ቅርፊቶቹን ከፊቱ ከምሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። አንዱን ያነሣል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፣ ጆሮው አጠገብ በጥፍሩ መታ ያደርገዋል፣ ወደ አንዱ ክምር ይጥለዋል። ሌላውን ያነሣል። ዐይኑን ሳይገልጥ! አንዳንዱን ደግሞ አገላብጦ ወደ ካንሺቺ ይወረውረዋል፤ «ይኼ ታሟል፣ እንደገና ምታው» ይለዋል። ዐይኑ ሲገለጥ ደግሞ ቀይ ነው።

«ጌታዬ ጂንቤ ሰሞኑን ድመትና ድስት አይለዩም» አለ ካንሺቺ። ሲቀልድ ነው። እኔ ግን አመንኩት። ከገበያው ጀርባ አንድ ዐይኑ የጠፋ ሰይፍ ሞራጅ ነበር፤ አሁን የሰው ትከሻ እያሸ ነው የሚኖረው። አባቴ ዐይኑ እየጠፋ ነው!

አረጋገጥኩም። አንድ ቀን ቅርፊቶቹን ምንጣፉ ላይ ሲደረድር በሩ ሥር ቆሜ አየሁ። በአንድ በኩል የደረቱ ረድፍ፣ በሌላ በኩል የጀርባው። ገና ስላልተቀቡ ማንም ይለያቸዋል። ደረቱ ማር ነው፤ እዚህም እዚያም ብቻ ደመና ጣል ጣል ብሎበታል። ጀርባው ግን ከላይ እስከ ታች ደመና ነው። ገልብጦታል። ደረት ብረት፣ ጀርባ ቆዳ፤ ዘፈኑን የማያውቅ ሰው ይመስል!

አክስቴም አየችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጂንቤ፣ አብደሃል?»

«እግሩን አትውሰድበት አለችኝ» አለ አባቴ፣ ሳያያት። «እግሩን ተውኩለት። ሮጦ የሚርቅን ሰው ጥይቱ የሚያገኘው ከየት በኩል ነው?»

«ሽማግሌው ቢያውቅ አንገትህን ነው!»

«ከተቀባ በኋላ ማን ያያል?»

«ጣት ያያል። አንተ በጣትህ የምታውቀውን እሱ የማያውቅ መሰለህ? ዕድሜውን ሙሉ ጥሩር ውስጥ ነው የኖረው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የልጅ ልጁ ይሸሻል ብለህ በብረት ጻፍክበት ማለት እኮ ነው። ይኼን ስድብ ማን ይውጠዋል?»

አባቴ አንድ የብረት ቅርፊት አነሣ፣ ዳበሰው፣ መለሰው። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽማግሌው ስሕተቱን ካወቁ አባቴን ይገድሉታል። አክስቴም አውቃዋለች፣ ግን የአባቴን ዐይን መጥፋት ለሰው ማሳወቅ አትፈልግም። እኔም አፌን ዘጋሁ።

አፌን እንጂ እጄን አልዘጋሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴን መምራት ጀመርኩ። ሲነሣ እጅጌውን እይዛለሁ። መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ቀድሜ አነሣለሁ። የሻይ ስኒውን እጁ ውስጥ አስገባና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፌ አስይዘዋለሁ።

«ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ይላል።

«ደረጃ አለ፣ ቀስ በል» እለዋለሁ።

«ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ።»

አንድ ቀን ሁለት የፍጅል ሥር ከፊቱ ይዤ፣ «ይኼ ስንት ነው?» አልኩት። በጣም አሰበበት። ራሱን አከከ። «አንድ ፍጅልና አንዲት ፍጅል የመሰለች ልጅ» አለ። ሮጬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ በሻማ ብርሃን፣ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ነበር። ዐይኑን የሚጨፍነው ዐይን ስለሚያታልለው ነው። ሁለት ቅርፊት እኩል የሚመስሉት ለዐይን ነው እንጂ ለአውራ ጣት አይደለም። ያን ጊዜ የሚያደርገው፣ ከብረት ሁሉ ቀጭኑንና ጽኑውን መምረጥ ነበር፤ ጀርባው ሁሉ ብረት ሆኖም ጥሩሩ ከሴይኖስኬ አባት ጥሩር በግማሽ እንዲቀል። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ዐይኑ ቀልቶ የነበረውም እንቅልፍ ስላጣ ነው። ምን እየፈራ እንዳጣ አሁን አውቀዋለሁ።

ዝናቡ ሲበረታ ቅባቱ ተጀመረ። ሌላው ነገር ሁሉ በፀሐይ ሲደርቅ የኡሩሺ ሙጫ የሚደርቀው በእርጥበት ነው፤ ሰው ልብሱ አልደርቅ ብሎት በሚያማርርበት ወር እኛ ቤት ደስታ ነው። ረድፎቹ ተያይዘው፣ ተቀብተው፣ እርጥብ ጨርቅ በተሰቀለበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። አባቴ ወደዚያ ክፍል ሲገባ ልብሱን እንኳ ያወልቃል፤ አንዲት ቅንጣት አቧራ እንዳትከተለው። ሲደርቅ በከሰል ይሞረዳል፣ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይሞረዳል። የመጨረሻውን ቅብ በመዳፉ ሲያሸው ጥቁሩ ጥልቀት አወጣ፤ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ እንደማየት ያለ። ማርና ደመናው ጠፉ። ስሕተቱም አብሮ ተቀበረ ብዬ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ተራው የአክስቴ ሆነ። ቀይ አልሆነም፤ ወይዘሮ ሚዎ የላከችው ሐር ጥቁር ሰማያዊ ነበር። አክስቴ ጉንጉኑን በጥርሷ ይዛ፣ ረድፉን ከረድፉ ታንጠለጥላለች። ከላላ ይንኳኳል፣ ከጠበቀ አይታጠፍም። ሰፍታ ስትጨርስ ጥሩሩን በሁለት እጇ አንሥታ ታጥፈዋለች፤ እንደ ደረበችው ልብስ እጥፍ ካላለላት ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። «ይኼ ግድግዳ አይደለም» ትላለች፤ «ሰው ይተነፍስበታል።» እሷ የሰፋችውን ጥሩር አንሥታችሁ ብትለቁት ረድፎቹ አንዱ አንዱ ውስጥ እየገባ ያለ ድምፅ ይቀመጣል፤ ድመት ስትተኛ እንደምትሰበሰበው።

ካኪው ፍሬ ሲይዝና ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሽማግሌው መጡ። ጦሩ የሚነሣበት ቀን ተቆርጧል። ወይዘሮ ሚዎም ሴይኖስኬም አብረዋቸው ነበሩ።

አባቴና ካንሺቺ ልጁን አለበሱት። መጀመሪያ የክንዱን፣ ከዚያ የጭኑን፣ በመጨረሻ ገላውን። አባቴ የወገቡን መታጠቂያ ሲያጠብቅለት ክብደቱ ከትከሻው ወርዶ ዳሌው ላይ ተቀመጠ። ሴይኖስኬ ክንዱን ዘረጋ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

«አያቴ፣ ይኼኮ ቀላል ነው!»

«ቀላል?» አሉ ሽማግሌው።

ተነሡ። ከበረንዳው ወርደው የልጅ ልጃቸው ፊት ቆሙ። የጣታቸውን አንጓ አንሥተው ደረቱን ኳ አደረጉት። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ሰው ምንጣፍ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት። ጎኑን መቱት። ያው ነው። ግንባራቸው ተቋጠረ። በዝግታ ዞረው ከልጁ ኋላ ቆሙና ጀርባውን መቱት።

ቃጭ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። እንደገና ከፍ አድርገው፣ ትከሻና ትከሻው መካከል መቱ። ብረት ነው። ዝቅ አድርገው መቱ። ብረት ነው።

አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ከአፈሩ አገናኘ። አክስቴ እሱ አጠገብ ወደቀች። ወይዘሮ ሚዎ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ከንፈሯ ብቻ ነጣ። የሽማግሌው ግራ እጅ ወደ ሰይፋቸው ወረደ፤ አውራ ጣታቸው ሰይፉን ከአፎቱ ገፋ ስታደርገው የብረቱን ነጭ ክር አየሁት።

«ጂንቤ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ይህን ማን አዘዘህ?»

አባቴ ጣቶቹን አፈሩ ውስጥ ቀበረ። መልሱ አንድ ስም ነው፣ ባለስሟም እዚያው ቆማለች። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ያየሁት፣ አባቴ ስሕተቱን ለማመን አፍሮ ሊሞት መሆኑን ነው። እግሬ መቼ እንደተነቃነቀ አላውቅም፤ እሳቸው እግር ሥር ተገኘሁ።

«ጌታዬ፣ አይግደሉት! ዐይኑ ጠፍቶ ነው!»

«ታኔ!» አለች አክስቴ።

«ዐይኑ ስለጠፋ ነው! ደረትና ጀርባ መለየት አቅቶት ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ሲደረድር ገለበጠው! ጨፍኖ ነው የሚሠራው። ፍጅል እንኳ መቁጠር አይችልም!»

ከካንሺቺ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅም ለቅሶም አይደለም። ሽማግሌው ቁልቁል አዩኝ። ዐይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲመጣና ሲሄድ አየሁ፤ ቁጣ መስሎኝ ነበር።

«ዐይኑ ነው?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ጂንቤ፣ ዐይንህ ደክሟል?»

በዚያች ከተማ ከአባቴ የበለጠ ዐይን ያለው ጥሩር ሠሪ አልነበረም፤ ይህንም ሁሉም ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ እሳቸው ያውቃሉ።

«ደክሟል፣ ጌታዬ» አለ።

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ዞሩ። ወይዘሮ ሚዎም ቀና ብላ አየቻቸው። በዚያ ቤት ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ ስትኖር እንደዚያ ፊት ለፊት አይታቸው የምታውቅ አይመስለኝም። አንገቷን አልደፋችም።

አውራ ጣታቸው ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰችው።

«ሴይኖስኬ» አሉ።

«አቤት፣ አያቴ።»

«ሩጥ።»

ልጁ ያልሰማ መሰለ። «ወዴት?»

«እስከ ማሳው ጫፍ። ሩጥ አልኩህ!»

ሮጠ። አጥሩን ዘለለ፤ ጥሩሩ አብሮት ዘለለ፣ እንደ ገላው ቆዳ። ሩዙ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነበርና ከዳር እስከ ዳር እናየዋለን። ጥቁሩ ሙጫ በከሰዓቱ ፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ሰማያዊው ሐር ይወዛወዛል፣ ረድፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ከእርምጃው ጋር ይተነፍሳሉ። አባቴ ከተንበረከከበት ራሱን ትንሽ ቀና አድርጎ ያይ ነበር። ዐይኑ ጠፍቷል ያልኩት ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ «የግራ ትከሻው ላይ ያለው ሐር በአንድ ጣት ላልቷል» ብሎ ለአክስቴ ሲያንሾካሹክላት ሰማሁት።

ሴይኖስኬ ከኦሳካ በእግሩ ተመልሷል። ዛሬ ጢሙ የሸበተ፣ የልጆች አባት ነው፤ የጥሩሩ ሐር ሲያልቅ የሚያመጣው ለእኔ ነው፤ አክስቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጬ እሰፋለታለሁ። የጥሩሩ ጀርባ ላይ ስላሉት ስርጉዶች እሱም አያነሣ፣ እኔም አልጠይቅ።

ያን ቀን ከማሳው ጫፍ ተመልሶ፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ እየሳቀ አያቱ ፊት ቆመ።

«እንደገና» አሉት።

ደግሞ ሮጠ። በዚህኛው ጊዜ የበለጠ ፈጠነ፤ ከማሳው መሃል ወፎች ተነሡ። ሽማግሌው እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው፣ ያ ቀጥ ያለ ወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ የልጅ ልጃቸው እየራቀ እየራቀ ሲያንስ አዩት። መመለሱን አልጠበቁም። ገበሬ ጫማውን እንደሚያጠልቅ በርከክ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ፤ እኔን አለፉኝ፣ አባቴን አለፉት፣ ምራታቸው አጠገብ ሲደርሱ ለአፍታ ቆም ያሉ መሰሉ። ከዚያ በሩን ገፍተው ወጡ።